የአያቴ ቃልኖዒት ባትሪ መቼ ይቀየር?

በዚህ ዓመት በቅርስ ትምህርት ክፍላችን እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ነገር መርጦ በአማርኛ እንዲጽፍ ተነግሮናል። ጓደኞቼ ስለ እንጀራ፣ ስለ ሲግድ በዓልና ስለ ስማቸው ትርጉም ጽፈዋል። እኔ የመረጥኩት ባትሪ ነው። ስነግራቸው የክፍሉ ልጆች ሳቁ። ነገር ግን በሰፈራችን ቃልኖዒት የሚነዱ ብዙ ሽማግሌዎች አሉ፤ በየቤታቸውም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል፦ ይህ ባትሪ ገና ያገለግላል ወይስ ይቀየር? እኛ ቤት ይህ ጥያቄ ለሦስት ወር ያህል አነጋግሮናል። ያን ሁሉ ጊዜ የሰማሁትንና የለካሁትን በደብተር ስለጻፍኩ፣ ለሌላውም ቤት ይጠቅማል ብዬ አቀርበዋለሁ።

አያቴ እ.ኤ.አ. በ1984 ከወገራ ተነሥተው እስከ ሱዳን በእግራቸው የሄዱ ሰው ናቸው። ከዚያ በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ገቡ። ዛሬ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ያለ ቃልኖዒት ሩቅ መሄድ አይችሉም። የምንኖረው በአፉላ ከተማ፣ ጊቭዓት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ እንደሚናገረው ኮረብታ ነው። ከቤታችን ሲወጡ መንገዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ነው። ስለዚህ አያቴ ሲሄዱ ሁልጊዜ ባትሪው ጥሩ ይመስላል፤ ችግሩ የሚታወቀው ከቤት ርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ቤት ሲመልሱ ነው።

የባትሪ ማርጀት በአንድ ቀን አይታይም። መጀመሪያ አያቴ ታች ሰፈር የሚኖሩትን የአገራቸውን ሰው መጠየቅ ተዉ። ቀጥሎ ወደ ሽማግሌዎች ሞዓዶን የሚሄዱት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆነ። ከዚያ ታች በኩል ለቅሶ ሲኖር አያቴን፣ ማለት ሴት አያቴን፣ “አንቺ ሂጂና ስለ እኔም እዘኚላቸው” እያሉ ይልኳቸው ጀመር። ዘመድ ሁሉ “ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው” ይል ነበር። እሳቸው ራሳቸው ምንም አላሉም። እኔ እንዳየሁት ለሽማግሌዎቻችን “ደከመኝ” ማለት ይቀላቸዋል፤ “ልጆቼ፣ ገንዘብ አውጡልኝ” ማለት ግን ይከብዳቸዋል።

ነገሩን ያወጣው አጎቴ ነው። አጎቴ በሸለቆው ውስጥ ባለ አንድ ኪቡጽ ሙሳኽ ይሠራል። እዚያ የኪቡጹ ሰዎች ከቤት ወደ ምግብ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ሥራ የሚመላለሱባቸው የጎልፍ ጋሪዎች አሉ። ጎልፍ የሚጫወት ግን ማንም የለም። በአገራችን የታወቀው የጎልፍ ሜዳ በቂሳርያ ነው፤ ጋሪው ግን በየኪቡጹ፣ በየሆስፒታሉና በየሆቴሉ ይዞራል። የአጎቴ ሥራ ትልቁ ክፍል የእነዚህ ጋሪዎች ባትሪ ነው። አንድ ዓርብ እኛ ቤት መጥቶ፣ “አባባ፣ ታች ሰፈር መሄድ የተዉት እርስዎ ደክመው ነው ወይስ ጋሪው ደክሞ?” ብሎ ጠየቃቸው። አያቴ ትንሽ ዝም ብለው፣ “ዳገቱ ላይ ያቃስታል። መሐል መንገድ ጥሎኝ ሰው ሲገፋኝ እንዳልታይ ብዬ ነው” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ስለ ባትሪ ያስተምረኝ ጀመር። የጎልፍ ጋሪውም ሆነ የቃልኖዒቱ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ይህን ዓይነት ባትሪ የፈለሰፈው ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1859 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። የእርሳስ ሰሌዳዎች በአሲድና በውኃ ውስጥ ይቆማሉ፤ አንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስት ክፍል ሲቀጠል 12 ቮልት ይሆናል። የጎልፍ ጋሪ ብዙውን ጊዜ ስድስት ባትሪዎች ተቀጥለውበት 36 ወይም 48 ቮልት አለው። የአያቴ ቃልኖዒት ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አሉት፤ አንድ ላይ 24 ቮልት።

ባትሪው ሲሠራ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ይይዛል፤ ቻርጅ ሲደረግ ይለቃል። ባዶውን ብዙ ቀን ከተቀመጠ ግን ያ ነጭ ነገር በውኃ ማፍያ ውስጥ እንደሚጋገረው ድንጋይ ይጠነክርና አይለቅም። ያን ጊዜ የሚሠራው የሰሌዳ ስፋት ይቀንሳል። ባትሪው ሙሉ ነው ይላል፣ ሙሉነቱ ግን የትንሽ ዕቃ ሙሉነት ነው። አያቴ ይህን ስነግራቸው፣ “እንስራው ጠቦ ዋንጫ ሆነ በለኛ” አሉኝ። ከአጎቴ ገለጻ ይልቅ ይህ በደንብ ገባኝ።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ብዙ ዓመት የሚኖር ባትሪ፣ ሁልጊዜ ከዚያ 10 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ውስጥ ቢቀመጥ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የእኛ ሸለቆ በበጋ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ብርድ ደግሞ ባትሪውን አያስረጀውም፣ ግን ለጊዜው አቅሙን ይቀንሰዋል። ስለዚህ በጋ የጎዳው ባትሪ የሚጥለው በክረምት ነው፤ ሰዉም ጥፋቱን ለብርዱ ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። መቼ ይቀየር? በእኛ ቤት ሦስት አስተያየት ነበር። አባቴ፣ “የሚሠራ ነገር አይጣልም፤ እስኪሞት ይሂድ” አለ። እናቴ፣ “ጎረቤቶቻችን በየሁለት ዓመቱ ይቀይራሉ፤ የእኛ ሦስት ዓመት ሞላው፤ አሁኑኑ ይቀየር” አለች። አጎቴ ሁለቱንም አልተቀበለም። ጥሩ የተያዘ የጎልፍ ጋሪ ባትሪ ከ4 እስከ 6 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ውኃው ሳይታይ የቀረ ደግሞ በ2 ዓመት ያልቃል። የቃልኖዒት ባትሪ ትንሽና የታሸገ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ነው የሚኖረው፤ ሆኖም ዓመቱ ብቻውን አይፈርድም። “መጀመሪያ ይለካ” አለ።

መለካቱን እኔና አጎቴ አብረን ሠራን። ከሁሉ በፊት ጥፋቱ የባትሪው አለመሆኑን ማጣራት ነበረብን። የሽቦው መያዣ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይዞ ስለነበር አጸዳነው። ጎማዎቹ ነፍስ ስላልነበራቸው ነፋናቸው። ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ አየን፣ ደህና ነበር። ቻርጀሩንም ለካነው፣ በትክክል ይሠራል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ገንዘቡን ለባትሪ ያወጣል፤ ከሳምንት በኋላም ጋሪው ያው ነው። የእኛው ጋሪ ከጽዳቱ በኋላ ትንሽ ተሻለው፣ ግን ዳገቱ ላይ ማቃሰቱን አልተወም።

ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርገን፣ ጠዋት ነቅለን፣ ጥቂት ሰዓት አሳርፈን እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻው ለካን። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ካረፈ በኋላ ከ12.6 በላይ፣ አንዳንዱም 12.8 ያሳያል። 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሹ ባዶ ነው። የእኛዎቹ አንዱ 12.8፣ ሌላው 12.6 አሳዩ። አባቴ ይህን አይቶ ደስ አለው። አጎቴ ግን፣ “ተቀምጦ ሁሉም ጎበዝ ነው። ዳገት ላይ እንየው” አለ። ረጅም ሽቦ አሰርንና አጎቴ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ መለኪያውን ይዤ እየሄድኩ ወጣን። አንደኛው ባትሪ ወደ 12.1 ወርዶ እዚያው ቆመ። ሁለተኛው ግን ወረደ፣ ወረደ፣ 10.7 ደረሰ። ጋሪው ሲቆም ተመልሶ 12.4 ሆነ። የጋሪው መብራትም እንደዚሁ ነው፤ ዳገቱ ላይ ቢጫ ይሆንና ሲቆም ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። ብዙ ሽማግሌዎች ይህን አይተው “ዳነ” ይላሉ። አልዳነም፤ ዐርፎ ነው።

በጎልፍ ጋሪ ቢሆን ክዳኑ ስለሚከፈት፣ የአሲዱን ክብደት በመስታወት መለኪያ እየሳቡ የእያንዳንዱን ክፍል ጤና ማየት ይቻላል። ሙሉ ሲሆን 1.27 ገደማ ያሳያል፤ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በ0.05 ያህል ካነሰ እሱ ታሟል። ውኃውም የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው፤ እሱም ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው፣ አለዚያ አሲዱ ይፈሳል። የቃልኖዒቱ ግን የታሸገ ስለሆነ ውኃ አይፈልግም፣ አይከፈትምም። ምርመራው ዳገቱ ብቻ ነው።

አጎቴ በኪቡጹ የሚፈርድበት አንድ ሂሳብ አለው። የእርሳስ ባትሪ በየጊዜው ከግማሹ በታች መውረድ አይወድም። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ሰውየው መቅረት የማይችልበት ከሁሉ የሚርቀው ቦታ ደርሶ መልስ ስንት ነው? ጋሪው አሁን ሙሉ ሆኖ ስንት ይሄዳል? የመጀመሪያው ከሁለተኛው ግማሽ ካለፈ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። ለአያቴ መቅረት የማይቻለው ሐኪማቸው ያለበት ቁፓት ሖሊም ነው፤ በስልኬ ስለካው ደርሶ መልስ 5 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጋሪው ደግሞ ቀይ መብራት እስኪያሳይ 7 ኪሎ ሜትር ሄደ። የ7 ግማሽ ሦስት ተኩል ነው። ሂሳቡ ግልጽ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ጨመርኩበት። “ለቅሶ ቤትስ? ሞዓዶንስ? እሱስ መቅረት የሚቻልበት ነው?” አልኩት። አጎቴ፣ “በኪቡጽ ይህን የጠየቀኝ የለም” ብሎ ሳቀ።

አባቴ እንኳን ሂሳቡን አይቶ ቶሎ አልተቀበለም። ሁለቱ ባትሪዎች ከነመግጠሚያው 1,400 ሸቀል ተጠይቆባቸዋል፤ በእኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። “እስከ ፋሲካ ይቆይ” አለ። ይህን ጊዜ ነው አያቴ የተናገሩት። አያቴ በአገራቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ለአካባቢው ገበሬ ማረሻ ይሠሩ ነበር። እንዲህ አሉ፦

“ማረሻ ሲያረጅ አይሰበርም፤ ያጥራል። ገበሬው በየዓመቱ ያመጣልኛል፤ በእሳት አግዬ እቀጠቅጥለታለሁ፤ በየዓመቱም ትንሽ ያጥራል። አንድ ዓመት ጨምርልኝ ይለኛል። እኔም ከወገሉ በታች የቀረውን አይና፣ ይህ ክረምቱን አያወጣህም፣ እርሻ መሐል ይጥልሃል እለዋለሁ። ማረሻ የሚቀየረው በመጋቢት ነው እንጂ በሐምሌ አይደለም።”

አባቴ ከዚህ በኋላ አልተከራከረም። እኔም ቁጭ ብዬ አንድ ሂሳብ ሠራሁለት። 1,400 ሸቀል ለሦስት ዓመት ቢካፈል በወር 39 ሸቀል ገደማ ነው። አያቴ መንገድ ላይ ቢቀሩ ጋሪውን የሚጭን መኪና መጥራት በአንድ ቀን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ዝናብ ላይ ቢሆን ደግሞ የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ አይሆንም።

ገዢነቱም የራሱ ነገር አለው። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ፣ “የደከመው አንዱ ብቻ ነው፤ አንዱን ብቻ ለውጡ፣ ግማሽ ዋጋ ትከፍላላችሁ” አለን። ለአባቴ ጥሩ መሰለው። አጎቴ ግን እምቢ አለ። ሁለቱ ባትሪዎች የተቀጠሉ ስለሆኑ በሁለቱም የሚያልፈው ኃይል እኩል ነው። አዲሱ ገና ሳይደክም አሮጌው ባዶ ይሆናል፤ ቻርጅ ላይ ደግሞ አሮጌው ቀድሞ ይሞላና ከመጠን በላይ ይሞቃል። በመጨረሻ አንዱ ሌላውን ይጨርሰዋል። አያቴ ይህን ለመረዳት መለኪያ አላስፈለጋቸውም፤ “ጎበዝ በሬና ክሲ በሬ በአንድ ቀንበር አይጠመዱም” ብለው ከሱቁ ወጡ። እኛም ተከትለናቸው ወጣን።

ስለ ሊትየም ባትሪም ጠይቀን ነበር። ቀላል ነው፣ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ዳገት ላይም ቮልቱ ቶሎ አይወርድም። ግን ዋጋው በጣም ይበልጣል፤ ለእሱ የሚስማማ ቻርጀርም ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ የኪቡጽ ጋሪ ያዋጣል። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ለሚወጡ ሽማግሌ ግን የእርሳሱ ይበቃል ብለን ወሰንን።

በሁለተኛው ሱቅ አጎቴ ከዋጋው በፊት የጠየቀው የተሠራበትን ቀን ነው። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ዓመት ያለፈው ባትሪ “አዲስ” ተብሎ ቢሸጥ ከዕድሜው ተቀንሶ ነው የሚገዛው። ጥቂት ወር ብቻ የሆናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተሠሩ አገኘንና ገዛን። አሮጌዎቹን ሱቁ ተቀበለን። “አልቴ ዛኽን” እያሉ በመኪና የሚዞሩትም ባትሪ ይፈልጋሉ፤ በውስጡ ያለው እርሳስ ቀልጦ እንደገና ስለሚሠራበት ነው። ዋናው ነገር ቆሻሻ ጋር አለመጣሉ ነው፤ እርሳሱ መርዝ ነው፣ አሲዱም ያቃጥላል። አያቴ እርሳሱን ለማየት ፈልገው “አንዱን እንክፈተው” ብለው ነበር፤ ይህን ብቻ አልፈቀድንላቸውም።

የቀየርነው ከሲግድ በዓል ሁለት ሳምንት በፊት ነው። በሲግድ ጠዋት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ስለሚነሣ፣ አያቴ እስከ መነሻው ድረስ በብርድ ይነዳሉ። ለባትሪ ከዚያ የከፋ ሰዓት የለም።

አሁን ባትሪዎቹ ላይ የገባበትን ቀን በማይለቅ ቀለም በአማርኛ ጽፌባቸዋለሁ። በየወሩ መጀመሪያ እለካለሁ፦ ዐርፎ ስንት፣ ዳገት ላይ ስንት። አያቴም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ከመንገድ ሲመለሱ ጉዞው አጭር ቢሆንም ወዲያው ቻርጀር ላይ ይሰኩታል። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሰኩና ሰንበት እስኪወጣ አይነኩትም፤ ቻርጀሩ ሲሞላ ራሱ ስለሚያቆም ችግር የለውም። በበጋ ደግሞ ጋሪውን ከግቢው ፀሐይ አውጥተን ከደረጃው ጥላ ሥር እናቆመዋለን። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚቃጠል ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ቦታው አየር የሚገባበት ይሁን፣ የሰው መውጫም አይዝጋ።

ባትሪው በተቀየረ በሦስተኛው ቀን አያቴ ጠዋት ወጥተው እስከ ማታ አልተመለሱም። ሴት አያቴ ስልክ ደወሉ፣ አላነሡም። ሲመሽ ዳገቱን ሳያቃስቱ ወጡ። ታች ሰፈር ነበሩ። በእነዚያ ወራት ሳይደርሱባቸው የቀሩትን ለቅሶ ቤቶች አንድ በአንድ ሲያጽናኑ ውለዋል፤ ሦስት ቤት። እራት ቀርቦ ይጠብቃቸው ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ ጋሪውን ቻርጀር ላይ ሰኩት።